የፊልቱ መስመር በሦስት ቀን አንዴ

በዚያ ቀን የሠራሁትን ጅልነት ከረፋድ እስከ ምሽት በሸሚዜ የደረት ኪስ ይዤው ስዞር ዋልኩ። ጠዋት ወደ ፊልቱ ከተማ የሚሄደውን የስልክ መስመር ልፈትሽ ብዬ ፊውዙን ከሳጥኑ ነቀልኩና እንዳይጠፋብኝ ኪሴ ከተትኩት። እሱስ አልጠፋብኝም፤ የጠፋሁት እኔው ነኝ። ፈትሼ ስጨርስ ሳጥኑን ዘጋሁ፣ ብሎኑን አጠበቅሁ፣ እጄን ታጥቤ ምሳ ሄድኩ። ስመለስ ፊልቱን ጠራሁ፤ ዝም። ደግሜ ጠራሁ፤ ዝም። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ የስልኩን እጀታ ሳዞር ዋልኩ። አሥር ሰዓት ላይ ትዕግሥቴ አለቀና የብልሽት መዝገቡን ገልጬ «የፊልቱ ኦፕሬተር ከምሳ ሰዓት ጀምሮ በሥራ ገበታዋ ላይ አልተገኘችም» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበትም። ያኔ ፊርማዬ ያምር ነበር፤ ጅራቷ ብቻዋን ግማሽ መስመር ትይዛለች።

ፊውዙን ያገኘሁት ሸሚዜን ላጥብ ስዘፈዝፈው ነው። ሳፋው ውስጥ ከታች ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል። በማግስቱ በጠዋት ማንም ሳያየኝ ወደ ቦታው መለስኩት፤ መስመሩም ወዲያው ነፍስ ዘራ። መዝገቡን ግን አልነካሁትም። ገጾቹ ቁጥር አላቸው፣ በክር ተሰፍተዋል፣ ማኅተም አርፎባቸዋል፤ መቅደድ የማይታሰብ ነው። ሰርዞ ከጎኑ «ስህተቱ የእኔ ነው» ብሎ መጻፍ ግን ይቻል ነበር። እሱን ማን ይጽፋል? የነገሌ ቦረና ብቸኛው የስልክ ቴክኒሻን፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላኝ ጎረምሳ፣ ፊውዝ በኪሴ ይዤ አገር ለአገር ስጣራ ዋልኩ ብዬ በጽሑፍ ልናዘዝ? አንዲት መስመር ምን ታደርጋለች፣ ማንስ ያነባታል ብዬ መዝገቡን ዘጋሁ።

ጊዜው የደርግ ዘመን ነው። ነገሌ ውስጥ ቤቱ ስልክ ያለው ሰው በጣት ይቆጠራል፤ ሌላው ሰው ስልክ ቤት መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ተራውን ይጠብቃል። ወደ ፊልቱ የሚሄደው መስመር ሁለት ሽፋን የሌለው ሽቦ ነው። በብረት ምሰሶዎች ላይ፣ ስኒ በምንላቸው ነጫጭ ሸክላዎች ታስሮ፣ ቀዩን ሜዳ አቋርጦ ይሄዳል። በእኛ በኩል ያለው ጫፍ መስመሮቹን የሚያገናኘው ስዊችቦርድ ነው። እኔ ከመምጣቴ በፊት የበራ፣ ከበራ ጀምሮ አንድም ቀን ጠፍቶ የማያውቅ ዕቃ ነበር። ቀንም ሌትም ባትሪውን እየጎረሰ ይሠራል። እንዲህ ለዓመታት ሳይጠፋ የሚሠራ ዕቃ ጠባዩ የሽማግሌ ነው። ሲያመው ወዲያው አይናገርም፤ ዛሬ ያጉረመርማል፣ ነገ ደህና ነኝ ይላል፣ ሐኪም ሲመጣ ደግሞ ከማንም በላይ ጤነኛ ሆኖ ይቀመጣል። ያኔ ይህ ያናድደኝ ነበር። አሁን እኔም ክሊኒክ ስሄድ የማደርገው ያንኑ ነው።

ከስልክ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ሰጥተውኝ እዚያ እኖር ነበር። ከደጋ የመጣሁ ሰው ነኝ። ሚስት የለኝ፣ በአካባቢው ዘመድ የለኝ። ኦሮምኛዬ «አካም» ብሎ ጀምሮ «ናጋ» ላይ ያልቃል። ገበያ ውስጥ ሰው ሰላምታዬን ተቀብሎ ወሬውን ሲቀጥል፣ እኔ እንደተረዳ ሰው ፈገግ እያልኩ እቆማለሁ። ከዚያ ይገባቸውና እነሱም ፈገግ ይላሉ፣ ወደየመንገዳችን እንሄዳለን። በሥራ ቀን ይህ ብዙም አይሰማም። እሑድ ግን ጀንበሯ ጣሪያዬ ላይ ተቸንክራ የምትውል ነው የሚመስለኝ። ልብሴን አጥባለሁ፣ ደረቅ ልብሴን እንደገና አጣጥፋለሁ፣ ጫማዬን እቀባለሁ፤ ሰዓቴን ሳይ ገና አራት ሰዓት ነው።

ለዚህ የነበረኝ መላ አንድ ነው፤ የመስመር ፍተሻ። መመሪያው በቀን አንድ ጊዜ ይላል። እኔ ሦስት ጊዜ እፈትሻለሁ። የእሑዱን አልናገርም።

«ሃሎ ፊልቱ።»

«ሃሎ ነገሌ።»

በስልክ ቤት ወግ ኦፕሬተር በስሙ አይጠራም፤ የሚጠራው በከተማው ነው። ሞያሌ ያለው ሞያሌ ነው፣ ተልተሌ ያለው ተልተሌ። ስለዚህ እኔ ለስንት ዓመት ነገሌ ሆኜ ኖርኩ፣ እሷም ፊልቱ ሆና። ሽቦ ላይ አንቱታ የለም፤ በዕድሜ እንደምትበልጠኝ ባውቅም አንቺ ነበር የምላት። ባሏ የሞተባት የሦስት ልጆች እናት ናት። ስዊችቦርዱ ላይ ጠዋትም ከሰዓትም እሷው ነች። አማርኛዋን የተማረችው እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው፤ ቃል ሲያጥራት ኦሮምኛ፣ ስትናደድ ሶማልኛ ጣል ታደርግበታለች። አይቻት አላውቅም።

«እንዴት ይሰማል?» እላለሁ።

«እንደ ጠዋቱ ነው። ነገሌ፣ ዛሬ ሦስተኛህ ነው። ሽቦው አያልቅብህም?»

«መመሪያ ነው።»

«መመሪያህ እሑድ አይተኛም?»

ከዚህ የረዘመ ወሬ ሥራ ላይ ክልክል ነው። እኔም ሕግ አክባሪ ስለሆንኩ እዘጋና ክፍሌ ገብቼ ያለችኝን ደጋግሜ አስባለሁ።

ፊውዙን የነቀልኩት በከንቱ አልነበረም። ዝናቡ ካበቃ ወዲህ መስመሩ ቀን ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ይሞት ጀመር። ሰው እያወራ መስመሩ ድንገት ጭጭ ይላል። አንዳንዴ አሥር እስክትቆጥር ድረስ፣ አንዳንዴ ሩብ ሰዓት። ከዚያ ማንም ሳይነካው ይድናል። እኔ መለኪያዬን ከሳጥኑ አውጥቼ፣ አቧራውን እፍ ብዬ እስክሰካው ድረስ መርፌው መስመሩ ፍጹም ጤነኛ ነው ይለኛል። ባትሪ ለወጥኩ፣ መቋጠሪያዎችን አጸዳሁ፣ ፊውዝ ፈተሽኩ፤ የፊውዙን መጨረሻ ነግሬያችኋለሁ። በየጊዜው ሲቋረጥ ቀኑንና ሰዓቱን መዝገቡ ላይ አሰፍራለሁ፣ «ምክንያቱ አልታወቀም» እላለሁ። ከነዚህ ሁሉ «አልታወቀም»ዎች መካከል አንዲት የምታውቅ መስመር ነበረች። እሷም የኔዋ ናት።

መዝገቡ በየሩብ ዓመቱ ግልባጩ ወደ ክፍለ ሀገሩ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። አንድ ቀን የስልክ ቤቱ አለቃ፣ ከሰሜን መጥተው እዚያው ያረጁ፣ መነጽራቸውን በክር ያሰሩ ሰው፣ ወደ ጠረጴዛቸው ጠሩኝ።

«አንተ፣ ና እስኪ፤ ይህን አንብበው።»

ደብዳቤው አጭር ነው። የፊልቱ መስመር ተደጋጋሚ መቋረጥ ኦፕሬተሯ የሥራ ገበታዋን እየተወች በመሄዷ መሆኑ በነገሌ የብልሽት መዝገብ ስለተመለከተ፣ ድርጊቱ አሻጥር መሆን አለመሆኑን የዲሲፕሊን ኮሚቴ በአንድ ወር ውስጥ አይቶ እንዲወስን ይላል። አሻጥር የምትለዋን ቃል የዚያ ዘመን ሰው ያውቃታል። ስምህ አጠገብ ከተጻፈች ከሥራ መባረር ቀላሉ ነው።

«ጋሼ፣ ምን ያደርጓታል?»

«ያባርሯታል። ከዚያ በላይ እንዳይመጣ ጸልይ። ሦስት ልጅ አሏት አይደል?» መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉት። «አልነበረችም ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። አልነበረችም?»

«ስልኩን አላነሳችም» አልኳቸው።

ይህ እውነት ነው። ከዚህ የበለጠ እውነት የሆነ ውሸት ተናግሬ አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ፊልቱ ራሷ ደወለች። ለእሷም ግልባጩ ደርሷታል።

«ነገሌ፣ ደብዳቤ መጣልኝ። ከሥራዬ ጠፋሁ ይላል። የጠፋሁበትን ቀን ሳስብ ሳስብ አጣሁት። አንተ መዝገቡ አለህ፤ መቼ ነው የጠፋሁት?»

መስመሩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም። አጠገቤ የተቀመጠች ነው የምትመስለው።

«ሃሎ? ፊልቱ? አይሰማም» አልኩ። «መስመሩ ጥሩ አይደለም።» ዘጋሁት።

በዚያ ሰሞን አንድ ብልጥ የመሰለኝ ሐሳብ መጣልኝ። እውነተኛውን ብልሽት ባገኝ፣ መስመሩን የሚገድለው ምን እንደሆነ በእጄ ይዤ ብመጣ፣ ሴትዮዋ ነጻ ትወጣለች፤ የኔም ፊውዝ ኪሴ ውስጥ እንደተቀመጠ ይቀራል። ለሷ የማስበውንና ለራሴ የምፈራውን በአንድ ጉዞ ላደርሳቸው ነው። ቆርጬ ተነሣሁ።

ፍንጩን የሰጠኝ አንድ የፍየል ነጋዴ ነው። ሐጂ እንለዋለን፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ፊልቱ ያለውን ወንድሙን ሊያነጋግር ይመጣል። አንድ ቀን እንደለመደው ጨዋታው መሀል ላይ ተቋረጠበትና መነጋገሪያውን ዘቅዝቆ አራገፈው።

«ይህ ስልካችሁ ከብት ነው እንዴ?» አለኝ። «በሦስት ቀን አንዴ ነው የሚጠማው።»

አግዳሚው ላይ የነበሩት ሳቁ። እኔም ከሁሉም በኋላ ሳቅሁ፤ ስላልገባኝ። በቆላ በበጋ ከብት በየሦስት ቀኑ እንጂ በየቀኑ ውኃ እንደማይጠጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቀው። ግን «ሦስት ቀን» የሚለው ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። መዝገቡን አወጣሁና በእርሳስ ቆጠርኩ። ሰውዬው ልክ ነው፤ መስመሩ ሲሞት የነበረው በየሦስት ቀኑ ነው፣ እኩለ ቀን ገደማ። ወራት ሙሉ በእጄ የጻፍኩትን ነገር የፍየል ነጋዴ አነበበልኝ። እኔም ከቀልዱ ውስጥ ቀኑን ወስጄ ከብቱን እዚያው ተውኩት።

ቀኑን ካወቅሁ የቀረኝ ቦታው ነው። በመለኪያ ሁለቱ ሽቦዎች የተነካኩበትን ርቀት መገመት ይቻላል፤ ችግሩ ሲነካኩ ፈጥኖ መድረሱ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው ሦስተኛ ቀን መለኪያውን አጠገቤ አድርጌ፣ ጆሮ ማዳመጫውን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

«ፊልቱ፣ ቁጠሪ።»

«ምን ልቁጠር?»

«ቁጥር። ዝም ብለሽ አንድ ሁለት እያልሽ ሂጂ። ድምፅሽ እንደተቋረጠ ወዲያው መለኪያውን እሰካለሁ።»

«ለኔ ነው?»

«ላንቺ ነው» አልኩ።

ቆጠረች። ስልክ ጠያቂ በማይበዛበት ሰዓት፣ እዚያ ማዶ፣ አንዲት ሴት ለኔ ትቆጥራለች። እስከ መቶ በአማርኛ ደህና ሄደች። ሁለት መቶዎቹ ላይ አማርኛው ሰለቻት መሰለኝ ኦሮምኛ ገባችበት፤ አራት መቶ ላይ ሶማልኛ። ቁጥሩን መከተል ተውኩና ድምፁን ብቻ ሰማሁ። አንዳንዴ ውኃ ትጎነጫለች፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማል። ነገሌ ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ያን ያህል ጊዜ ሳያቋርጥ አናግሮኝ አያውቅም። አናገረኝ ከተባለ ነው እንግዲህ።

መሀል ላይ ቆም አለች። «ነገሌ፣ አለህ?»

«አለሁ።»

«ስትተነፍስ አትሰማም። እየቆጠርኩ ሞተህ እንዳይሆን ብዬ ነው።»

«አልሞትኩም። ቀጥይ።»

«የት ደርሼ ነበር?»

አላወቅኩም። «ስምንት መቶ» አልኳት፤ አመነችኝ። ጥቂት እንደሄደች ድምፅዋ በቢላ እንደተቆረጠ ቀረ።

መጀመሪያ እጀታውን አዞርኩ። የስልክ እጀታ ለሚያውቅበት ይናገራል። ሁለቱ ሽቦዎች የሆነ ቦታ ከተነካኩ እጀታው እንደ ወፍጮ ይከብዳል። መስመሩ ተበጥሶ ከሆነ፣ ወይም ምንም ያልተገናኘ ከሆነ፣ በባዶ ሜዳ እንደሚሽከረከር ጎማ ይቀላል። ያን ቀን ከበደኝ። መለኪያውን ሰካሁ፤ መርፌው ወደቀና ሲሶውን መንገድ አለፍ ያለ ቦታ ላይ ቆመ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እጄ እጀታው ላይ እንዳለ ግን ሌላ ነገር ታወሰኝ፤ ፊውዙ ኪሴ በነበረበት ቀን ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሳዞረው የዋልኩት እጀታ ቀላል ነበር። ላባ ነበር። ለጀማሪ የሚያስተምሩት የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው፤ እኔ ደግሞ ንዴቴን እያዳመጥኩ እጄን ሳላዳምጥ ዋልኩ።

በማግስቱ የምሰሶ መውጫ ቀበቶዬን፣ የመስክ ስልኬንና አንድ ጀሪካን ውኃ ይዤ በጭነት መኪና ላይ ወጣሁ። ሾፌሩ መሀል ሜዳ ላይ አወረደኝና በአቧራ ሸፍኖኝ ሄደ። ምሰሶዎቹን እየቆጠርኩ በእግሬ ስሄድ አንድ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ደረስኩ፤ ኤላ ይሉታል በቦረና። ግምቴ እዚያ አካባቢ ነው። በማየው ግን ሁሉም ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ስኒዎቹ ነጭ ናቸው፣ ሽቦው ያፏጫል። ደግሞ መስመሩ የሞተው ትናንት ስለሆነ ሁለት ቀን መጠበቅ አለብኝ። ይህን መኪናው ከሄደ በኋላ ነው ያሰብኩት።

ከጉድጓዱ በኩል አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ይዘው መጡ። አባ ሄሬጋ ናቸው፤ የጉድጓዱን የውኃ ተራ የሚያዝ፣ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ የሚወስን ሰው እንደዚያ ይባላል።

«አካም ጅርታ» አሉኝ።

«ናጋ» አልኩና እንደ ልማዴ ፈገግ ብዬ ቆምኩ።

ወዲያው ገባቸው። «አማርኛ ትንሽ አለኝ» አሉ። «ብረቱ ሥር ምን ታደርጋለህ?»

«እስኪታመም እጠብቃለሁ፣ አባባ።»

«ሲታመም ምን ትሰጠዋለህ?»

«በሽታውን አላወቅሁትም።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እንግዲያ ሐኪም አይደለህም። ጠባቂ ነህ» አሉና ወተት እንዲሰጡኝ ወደ ሰፈራቸው ጮኹ።

ሁለት ቀን ምሰሶ ሥር ተቀመጥኩ። ጥላው ከክንዴ አይሰፋም፤ ፀሐይ ስትዞር አብሬው እየዞርኩ ዋልኩ። የመጀመሪያው ቀን ጥቂት ግመሎች መጥተው ሄዱ። በሁለተኛው ቀን ነፋስ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ጠዋትና ማታ እየመጡ «አልታመመም?» ይሉኛል፤ «አልታመመም» እላለሁ። እሳቸውም «እግዜር ይጠብቀው» ብለው ይሄዳሉ። ለፊልቱ ከምሰሶው ላይ ልደውል እችል ነበር፤ የመስክ ስልኩ ጭኔ ላይ ነው። አልደወልኩም። ለሷ ስል እዚህ ሜዳ ላይ መሆኔን ብነግራት ታመሰግነኛለች፤ ምስጋናዋን ደግሞ የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም፤ ኪሴ ተይዟል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አድማሱ ቀላ። ከብት ነው፤ ከስንት አቅጣጫ፣ በአቧራ ውስጥ። ሽማግሌው በትራቸውን እያወዛወዙ ይህ ይቅደም፣ ያ ይቆይ ይላሉ። ተራው ያልደረሰው መንጋ ወደ እኔ ምሰሶዎች በኩል ተገፍቶ ቆመ። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሽቦዎቹ በሙቀቱ ረግበው እንደ ልብስ ማስጫ ተንጠለጠሉ። ያን ጊዜ አንዲት ቀይ ላም ከመንጋው ወጥታ መጣች። ምሰሶውን ከመሬት ጋር የሚወጥረው ገመድ ሽቦ ጋ ደረሰች፣ አንገቷን አስጠጋችና ማከክ ጀመረች። ዓይኗን ጨፍና፣ በሙሉ ክብደቷ። ምሰሶው ተወዛወዘ፤ ከላይ ሁለቱ ሽቦዎች ጠቅ፣ ጠቅ እያሉ ተላተሙ፤ ከዚያ ተጠላለፉና ቀሩ። ላሟ ጠግባ ስትሄድ ሌላይቱ ተተካች።

ቀበቶዬን ታጥቄ ወጣሁና በእንጨት ዘንግ አላቀቅኋቸው። የመስክ ስልኩን ሰካሁ።

«ሃሎ ፊልቱ።»

«ነገሌ፣ የት ነህ? ነፋስ ይሰማል። አሁን ሞቶ ነበር።»

«ምሰሶ ላይ ነኝ። አገኘሁት። ላም ናት።»

«ማን?»

«ላም። አንገቷን ታካለች።»

ሳቋ መጣ፤ ረዥም፣ የሚያሳስል ሳቅ። «ለኮሚቴው እሷን ውሰዳት» አለች። «እኔ ወንበሬ ላይ ነበርኩ፣ ላሟ ትመስክርልኝ።»

ከምሰሶው ስወርድ ሽማግሌውን ከብቶቹ እንዲህ እንዳይጠጉ ያድርጉልኝ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ ቦታ ላይ ትልቅ ግራር ነበር አሉኝ፤ ከብቱ ተራውን ሲጠብቅ እሱ ሥር ይቆማል፣ እሱን ያካል። ሽቦ ዘርጊዎቹ ሲመጡ መንገዳችን ላይ ነው ብለው ቆረጡት። «ላም ሲያሳክካት የት ትሂድ?» አሉ። ከሰዓት በኋላውን ከሰዎቻቸው ጋር ሆነን አንድ ወፍራም ደረቅ ግንድ ከምሰሶው ራቅ አድርገን ተከልን፤ እኔም ሽቦውን ወጠርኩ። ቀይዋ ላም መጥታ ግንዱን አሸተተች፣ ሞከረችው፣ ተስማማት።

ነገሌ ተመልሼ ሪፖርቴን በሁለት ገጽ ጻፍኩ፤ በኩራት። አለቃችን እየሳቁ አነበቡት፤ ከዚያ መዝገቡን አስመጥተው በጣታቸው ቀኖቹን እየነኩ መቁጠር ጀመሩ። እሳቸው ነገር ሲይዙ አይለቁም።

«የላም ቀን። ይህም የላም ቀን። ይህም» እያሉ ሄዱና ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «ይቺ ግን የላም ቀን አይደለችም። ከላሟ ቀን ሁለተኛው ነው።» ያቺኑ መስመር አነበቧት፤ ፊርማዬንም አዩዋት። «እንግዲህ ሌላው ሁሉ ከላሟ ሆነ። በዚህ ቀን ግን እውነትም አልነበረችም ማለት ነው። እስከ ዛሬ ጥርጣሬ ነበር፤ አሁን ማስረጃ ሆነ።»

ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ፣ ሁለት ቀን ምሰሶ ሥር ደርቄ ያመጣሁት ይህን ነው። በዙሪያዋ የነበረውን ጥርጣሬ ሁሉ ጠራርጌ፣ ሴትዮዋን ከኔ ውሸት ጋር ብቻዋን ሜዳ ላይ አቆምኳት። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

«ጋሼ» አልኩ፤ ድምፄ ከመለኪያ ሳጥን የወጣ ነው የሚመስለው። «ያን ቀን ነበረች። ፊውዙ ኪሴ ውስጥ ነበር።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «የየትኛው ሸሚዝ?» አሉኝ።

«የዚህኛው።»

ኪሴን አዩት፣ እንዳልተቀደደ ለማረጋገጥ ይመስል። «ያኔውኑ ብትነግረኝ ስቄብህ ያልፍ ነበር» አሉ። «አሁን ስሟ ኮሚቴ ጋ ደርሷል። ተቀመጥና ጻፈው።»

ጻፍኩት። ያቺንም መስመር በቀይ ሰረዝኩና ከጎኗ ፈረምኩ፤ ጅራቷን አሳጠርኳት። ፊልቱ በነጻ ተለቀቀች፣ ወንበሯም ላይ ቀረች። ለኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፣ ተከትሎትም ወደ ተልተሌ የመዛወሪያ ደብዳቤ። ተልተሌ እንደደረስኩ ነገሌ ከተማ እንደነበረች ገባኝ።

ከመሄዴ በፊት ለፊልቱ ራሴ ልንገራት ብዬ ደወልኩ። ነገርኳት፤ ፊውዙን፣ ኪሱን፣ መዝገቡን፣ ሁሉንም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ነገሌ፣ እኔ አንድ ወር ሙሉ ልጆቼን ይዤ የት እንደምገባ ሳስብ ነበር። ያን ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስቆጥርልህም?»

«አውቅ ነበር።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት።

«በሽቦ አልቀበልም» አለች፤ ቁጣ አልነበረባትም፣ ደንብ እንደሚነግር ሰው ነው የተናገረችው። «እኛ አገር ሰው የበደለውን ሰው ፊቱ ተቀምጦ ነው ይቅር በለኝ የሚለው። ፊልቱ ና። ቤቴ ግባ፣ ተቀመጥ፣ በግመል ወተት ሻይ አፈላልሃለሁ። ጠጥተህ ስትጨርስ ትለኛለህ፤ እኔም እሰማሃለሁ።»

«እመጣለሁ።»

«መቼ?»

«ፈቃድ ሳገኝ።»

«እሺ። በል ዝጋ፣ ሰው ተራ እየጠበቀ ነው።»

ከተልተሌ ፊልቱን የሚያገናኝ ቀጥታ መስመር አልነበረም። በመጀመሪያው ፈቃዴ እናቴን ልይ ብዬ ወደ ደጋ ሄድኩ። በሁለተኛው አሞኝ ነበር፤ ትንሽ ነው ያመመኝ። በሦስተኛው መንገዱ ተዘግቷል አሉ፤ እኔም ተከፍቶ እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ እኔም ከከተማ ከተማ ስዞር አርጅቼ ጡረታ ወጣሁና እዚሁ ነገሌ ተመልሼ ተቀመጥኩ። አንድ የፊልቱ ሾፌር አለ፤ አልፎ አልፎ እንገናኛለን። ሴትዮዋ ደህና ናት ይለኛል፤ ልጆቿ ተድረዋል፣ እሷ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ትውላለች። ባለፈው «ነገሌ የሚባል ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ፣ ከተማውን ነው የምትይው ብላት ሳቀች» አለኝ።

አውቶቡሱ ጠዋት ይነሣል፤ ግማሽ ቀን ነው መንገዱ። ጉልበቴን እያመካኘሁ ነው። ለፊልቱ አንድ ብርጭቆ ሻይ ተቀምጬ መጠጣትና ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል አለብኝ፤ እስከ ዛሬ አላደረስኩላትም።